ለጣናም ለጮቄም የሚሆን ካሜራ የቱ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ። ባለችው ገንዘብ ሌንሱ የሚፈታ ዲኤስኤልአር ይሻላል ወይስ ውሃና ውድቀት የማይበግረው ትንሽ ካሜራ? ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል። መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ለጀልባ አስጎብኚው ያልነውን የዓሣ ተማሪዋ ብትከተለው ገንዘቧን ታባክናለች።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማትና ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ቦታ፣ አንዳንዴም በመኪና ወደ ጢስ ዓባይ የምወስድ አስጎብኚ ነኝ። ወፉን፣ ጉማሬውን፣ የገዳማቱን ሥዕል እያነሳሁ ለእንግዶቼ ልሰጥ፣ ለማስታወቂያም ልጠቀምበት አስቤያለሁ። አንድ ወዳጄ ያገለገለ ካኖን 2000ዲ ከ18-55 እና ከ55-250 ሌንሶች ጋር ሊሸጥልኝ ነው። በዚያው ዋጋ ደግሞ እስከ 15 ሜትር ውሃ ውስጥ የሚገባ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 አገኛለሁ። ሥራዬ ውሃ ላይ ስለሆነ ልቤ ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሥራዎ ውሃ ላይ ነው እንጂ ውሃ ውስጥ አይደለም፤ ካኖኑን ይግዙ። ምክንያቱን በዘረዘሯቸው ነገሮች እንየው።

ከወፉ እንጀምር። የቲጂ-6 ሌንስ በፊልም ካሜራ ልኬት ከ25 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ካኖኑ ላይ 55-250 ሲገጠም በዚያው ልኬት እስከ 400 ይደርሳል። ከጀልባዎ 40 ሜትር ርቆ የሚዋኝ ፔሊካን አለ እንበል። በ400 ሲያነሱት ፎቶው ከዳር እስከ ዳር የሚይዘው 3.6 ሜትር ያህል ውሃ ነው፤ ርዝመቱ ሜትር ተኩል የሚሆነው ወፍ የፎቶውን ሲሶ አልፎ ይሞላል። በ100 ሲያነሱት ግን 14 ሜትር ያህል ውሃ ይገባና ወፉ ከመሀል ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ዲጂታል ዙም አለው ብለው እንዳይጽናኑ፤ እሱ ፎቶውን ቆርጦ ማጉላት ብቻ ነው፣ ቤት ገብተው በስልክዎም ያደርጉታል። ጉማሬ ደግሞ ጠጋ የሚሉት እንስሳ አይደለም።

ከጀልባ ላይ በረጅም ሌንስ ሲያነሱ ሞተሩ ይጥፋ። ክርንዎን የጀልባው ጠርዝ ላይ አያስደግፉ፤ የሚጠቅም ይመስላል እንጂ ንዝረቱን በሙሉ ወደ ካሜራው ያስተላልፋል። ክንድዎን ደረትዎ ላይ ያጣብቁ፣ የሌንሱን ማረጋጊያ ይክፈቱ፣ የሻተር ፍጥነቱን ከ1/500 ሰከንድ አያውርዱ። ወፉ ከተነሳ 1/1000 ያስፈልጋል።

ወደ ገዳማቱ እንሂድ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው በውጭው በሮች በኩል ብቻ ነው። ፍላሽ አይታሰብም፤ ለሥዕሉም አይበጅም፣ ቀለሙ ላይም አንጸባርቆ መሀሉን ነጭ ያደርገዋል። እዚህ የሚለየው የሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ስፋት ነው። የቲጂ-6 ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። የካኖኑ 22.3 በ14.9 ነው፤ በስፋት 12 እጥፍ ገደማ። ለትንሹ ፍርዱን አንንፈገው፤ ሌንሱ ሰፊው ጫፍ ላይ ኤፍ 2 ድረስ ስለሚከፈት ኤፍ 3.5 ላይ ከሚቆመው የካኖኑ 18-55 ሦስት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። 12ቱን ለ3 ሲያካፍሉት ግን አሁንም የ4 እጥፍ ብልጫ ለካኖኑ ይተርፋል። በተግባር ሲታይ ትንሹ ካሜራ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 1600 ላይ የመላእክቱን ዓይን ቅንድብ በነጠብጣብ ሲውጠው፣ ካኖኑ 3200 ላይም የሚታተም ፎቶ ያወጣል። ሥዕል አይንቀሳቀስምና ምሰሶ ተደግፈው፣ ትንፋሽ ይዘው በ1/15 ማንሳት ይቻላል። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይጫኑ፤ አንዱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ስለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ብዙ ሰው ይመክርዎታል። ጥሩ ሌንስ ነው፣ ግን በካኖኑ ሴንሰር ላይ እንደ 80 ስለሚሆን በመቅደሱ ዙሪያ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ወደ ኋላ መሸሻ ያጣሉ።

የሚቀረው ጢስ ዓባይ ነው፤ የእርስዎ ስጋት እውነት የሚሆነውም እዚያ ነው። ውሃው በሚበዛበት በነሐሴና በመስከረም ከፏፏቴው የሚነሳው ጢስ በነፋስ እየተገፋ ይመጣል። 2000ዲ ከውሃ የሚከላከል አንዳችም ጎሚኒ የለውም፤ ጠብታው በቁልፎቹ ዙሪያና በፍላሹ ማጠፊያ በኩል ይገባል። መከላከያው ግን ርካሽ ነው። ወፍራም ግልጽ ፌስታል ይውሰዱ፤ አንዱን ማዕዘን ከሌንሱ ጥላ (ሁድ) ዙሪያ ትንሽ አጥብበው ይቅደዱ፤ ጥላውን በቀዳዳው አውጥተው በላስቲክ ይሰሩት። የፌስታሉ አፍ ወደ ታች ክፍት ሆኖ እጅዎ በዚያ ይግባ። አፉን ማሰር የተለመደ ስህተት ነው፤ የእጅዎ ላብ ውስጡ ይታፈንና የሚያዩበት መስታወት በእንፋሎት ይሸፈናል። ሌንሱ ፊት ላይ 58 ሚሊ ሜትር ዩቪ ፊልተር ይግጠሙ፤ የሚጠርጉት እሱን ነው። ሁለት የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ይያዙ፤ አንዱ ውሃውን ይመጥጣል፣ ሌላው ያደርቃል። ነጠላ ወይም ሸሚዝ ላይ ያለ አቧራ ሌንስ ይቧጭራልና በእነሱ አይጥረጉ። ፊትዎን ወደ ፏፏቴው አዙረው ቆመው አይጠብቁ፤ ጀርባ ሰጥተው ያሰናዱ፣ ዞረው ያንሱ፣ ተመልሰው ይዙሩ።

ጀልባው ላይ ደግሞ ካሜራውን በጨርቅ ቦርሳ ወለሉ ላይ አያስቀምጡ፤ ከታች የሚጠራቀመው ውሃ ነው የሚያበላሸው። ክዳኑ ገጭ ብሎ የሚጠብቅ የቀለም ባልዲ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከታች ፎጣ ተነጥፎበት ከውድ ቦርሳ የተሻለ ይሠራል። ቢገለበጥም ይንሳፈፋል። በነገራችን ላይ ቲጂ-6 አይንሳፈፍም። 250 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ማንጠልጠያው ላይ ተንሳፋፊ ነገር ካልታሰረ ጣና ውስጥ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። 15 ሜትር ድረስ ደህና እንደሆነ ይቆያል፣ ግን ማን ያወጣዋል?

ጥያቄ፦ የዓሣና የእርጥበታማ መሬት ተማሪ ነኝ። ክረምት ላይ ለመራባት ከጣና ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ የሚወጡትን የላቤዎባርበስ ዓሦች ለመመረቂያ ጽሑፌ ማንሳት አለብኝ፤ አፋቸውንና ቅርፊታቸውን በቅርበት፣ ከተቻለም ውሃ ውስጥ እያሉ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ “ለጥናት ዲኤስኤልአር ነው” ይለኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለእርስዎ ትንሹ ነው፤ ማመንታት አያስፈልግም። እጅዎ በዓሣ ልጋግና በጭቃ ተለውሶ የሚነኩት ካሜራ፣ ማታ በባልዲ ውሃ የሚታጠብ መሆን አለበት። የቅርበቱም ነገር ለእርስዎ ያደላል። ቲጂ-6 ማይክሮስኮፕ በሚባለው አሠራሩ ከሌንሱ መስታወት 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገር ያተኩራል፤ አንዲት ቅርፊት ፎቶውን ልትሞላው ትችላለች። ከዲኤስኤልአር ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ከ25 ሳንቲ ሜትር ወዲህ አይመለከትም፤ እንዲያ ቀርቦ ለማየት ራሱን የቻለ ማክሮ ሌንስ መግዛት ይጠበቅብዎታል፤ እሱ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ከዚህ ዓይነት ካሜራዎች ውስጥ ሲመርጡ ግን ጥሬ ፋይል (ሮው) መቅረጹን ያረጋግጡ። ቲጂ-6 ይቀርጻል፤ እስከ 30 ሜትር የሚጠልቀው ኒኮን ደብሊው300 አይቀርጽም። የዓሣ ቀለም በኋላ ማስተካከል ለሚያስፈልገው ጥናት ከጥልቀቱ ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ውሃ ውስጥ ስለማንሳት እውነቱን እንንገርዎ። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ አፈር ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ካሜራው 15 ሜትር ቢገባም ከፊቱ ግማሽ ሜትር ላያይ ይችላል። ፍላሽ ያጥፉ፤ ብርሃኑ ውሃው ውስጥ በተንሳፈፈው ደለል ላይ አርፎ ፎቶውን በረዶ የወረደበት ያስመስለዋል። ዙም አይጠቀሙ፤ ሰፊው ጫፍ ላይ ሆነው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቅረቡ። ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ በሩብ ያህል ቀርቦ ስለሚታይ መጀመሪያ ላይ ርቀቱ ያሳስትዎታል። ለጽሑፍዎ የሚበጀው ሌላ ዘዴ ነው፤ ጠባብ የመስታወት ሳጥን በጠራ ውሃ ሞልተው ዓሣውን ለአፍታ እዚያ አስገብተው ከጎን ማንሳት። ጀርባው ላይ ግራጫ ጨርቅ፣ ከዓሣው ጎን እኩል ርቀት ላይ የሚሊ ሜትር ማስመሪያ፣ ከላይ ለጸሐይ ነጸብራቅ ጥላ። ማስመሪያው ከዓሣው ፊት ወይም ኋላ ከሆነ ልኬቱ ይዋሻል።

አሁን ወደ በሩ፤ እንዲህ ያሉ ካሜራዎች የሚሞቱት እዚያ ነው። የባትሪውና የመሰኪያው በር ዙሪያ ቀጭን ጎሚኒ አለች። ውሃ የሚያግደው እሷ ብቻ ናት፤ አንዲት ጸጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከሥሯ ከገባች መንገድ ትሆናለች። ውሃ ከመግባትዎ በፊት በሩን ይክፈቱ፤ ክር በማያወጣ ጨርቅ ጎሚኒዋንም የምታርፍበትንም ጠርዝ ይጥረጉ፤ በብርሃን ዘንበል እያደረጉ ዙሪያዋን ይመልከቱ፤ ይዝጉ፤ ሁለተኛውን መቆለፊያ ያጥብቁ። በሩን ወንዝ ዳር አይክፈቱ። ባትሪ መቀየር ግድ ከሆነ መጀመሪያ ካሜራውንም እጅዎንም ያድርቁ፣ በሩን ወደ መሬት ዘቅዝቀው ይክፈቱ። አዲስ ሲገዙ አንዲት ፈተና አለች፦ ባትሪውንና ሜሞሪውን አውጥተው በባትሪው ቦታ የታጠፈ ሶፍት ያስገቡ፣ ዘግተው ለ5 ደቂቃ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይያዙት። አውጥተው ያድርቁ፣ ይክፈቱ። ሶፍቱ ከረጠበ ለሻጩ ይመለሳል፤ ካሜራው አልተጎዳም።

አምራቾቹ ጎሚኒዋ በየዓመቱ እንድትቀየር ያዝዛሉ። የሚቀይርልዎ ባለሙያ ካላገኙ ከዓመት በኋላ ካሜራውን ለዝናብና ለጭቃ እንጂ ለጥልቅ ውሃ አያምኑት። አንዴ ክፉኛ ከወደቀም እንደዚያው ነው፤ ከውጭ ጭረት ባይታይም በሩ ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የጥምቀት ዕለት ውሃ በፓምፕ ሲረጭ መሀል ገብቼ ላነሳ ውሃ የማይገባው ካሜራ ልግዛ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ለአንድ ቀን ብለው አይግዙ፤ ፌስታሉ ይበቃል። ደግሞም 15 ሜትር የሚለው ልኬት ለቆመ ውሃ እንጂ በኃይል ለሚወረወር ውሃ አይደለም፤ ከጎማው አፍ ፊት ለፊት መቆም ለማንኛውም ካሜራ አይመከርም። በቧንቧ ጠንክሮ ማጠብም እንደዚሁ። ጠብታዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው እንዲታዩ 1/1000፣ መስመር እየሠሩ እንዲወርዱ 1/60 ያድርጉ። ነጭ ልብስ በበዛበት ቦታ ካሜራው ይታለልና ሁሉንም ያጨልመዋል፤ የሰዎቹ ፊት አመድ ይመስላል። የብርሃን ማካካሻውን ወደ +0.7 ከፍ አድርገው የነጠላው ጥለት መታየቱን በስክሪኑ ያረጋግጡ። ጥለቱ ከጠፋ ወደ +0.3 ይመለሱ።

ጥያቄ፦ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ከቆዳ ቦርሳው ያላወጣሁት ሌንስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አብቅሏል። ጠርጌ አልለቅ አለኝ። የታሸገ ካሜራ ብገዛ ከዚህ እገላገላለሁ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ያበቀለው ሻጋታ ነው፤ እንጀራ ላይ እንደሚበቅለው ማለት ነው። የሌንሱን ሁለቱንም ክዳን አንስተው በአንድ በኩል በባትሪ መብራት እያበሩ በሌላው በኩል ዘንበል አድርገው ቢያዩ ሥሩ እንዴት እንደተዘረጋ ይታይዎታል። ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ መጥረግ አይነካውም። ሌንሱ ተፈትቶ መጽዳት አለበት። ቶሎ ከተደረሰበት ይለቃል፤ ከቆየ ግን የሚያወጣው አሲድ የመስታወቱን ቅብ ስለሚበላው ጠባሳው ይቀራል። ጸሐይ ላይ ማስጣት ሕይወቱን ሊያዳክመው ይችላል፣ የተበላውን ቅብ ግን አይመልስም። ጥቂት ክር ብቻ ከሆነ ፎቶው ላይ ላይታይ ይችላል፤ የሚጋለጠው ፊት ለፊት ጸሐይ ወይም የአዳራሽ መብራት ሲኖር ነው፤ ሁሉ ነገር ጭጋግ ይለብሳል። እስኪጸዳ ድረስ ከሌሎቹ ሌንሶች ለይተው ያስቀምጡት።

ጥፋተኛው ቦርሳው ነው። ቆዳና ስፖንጅ የሰኔን እርጥበት ጠጥተው እስከ መስከረም ይይዛሉ፣ ጨለማ ነው፣ አየር አይዘዋወርም። ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም። ሥራ በሌለበት ወቅት ሌንሶቹን ክዳኑ በጎማ የሚገጥም የምግብ ሳጥን ውስጥ ያኑሩ። ለ5 ሊትር ሳጥን 100 ግራም ያህል ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጥ ቅንጣት) ይጨምሩ፤ ከተገኘ ትንሽ የእርጥበት መለኪያም። ከ40 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው፤ ከ60 ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል፤ ከ30 በታች ማድረቅም የሌንሱን ቅባትና ጎማ ያደርቃል። ሲሊካው ሲጠግብ ቀለሙ ይለወጣል። በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ሲቆይ እንደገና ይሠራል። ከፕላስቲክ ከረጢቱ ማውጣት አይርሱ። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ስላለው ምግብ በሚሠራበት ዕቃ አይግባ፤ ብርቱካናማውን ይምረጡ። በሲሊካው ፈንታ ሩዝስ? ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ገብቶ ለሻጋታው ቀለብ ይሆናል።

የታሸገው ካሜራ ጥያቄዎን አይመልስም። ሠርግ ቤት ውስጥ በሴንሰሩ ማነስ ይሸነፋል፣ እርጥበትም ይታፈንበታል። በዝናባማ ቀን በሩን ከፍተው ከዘጉት የታሸገው እርጥብ አየር ነው፤ ካሜራው ሲቀዘቅዝ በሌንሱ መስታወት ውስጥ ጤዛ ሆኖ ይወጣል፣ እርስዎም ከውጭ ይጠርጋሉ፣ ይጠርጋሉ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ጮቄ ላይ ሳምንት ሙሉ እናድራለን፤ ተፋሰስ፣ እርከን፣ ችግኝ እያነሳን ለሪፖርት እናቀርባለን። መብራት የለም፣ ብርዱ ያስፈራል፣ በበቅሎና በእግር ነው። (ከሞጣ)

መልስ፦ ለሪፖርት ከሆነ ትንሹ ይበቃችኋል፤ ከ2 ሜትር ቢወድቅም እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታችም ይሠራል። የቦታውን መገኛ በጂፒኤስ ፎቶው ላይ መመዝገቡ ለእርከን ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ግን የጉዞ መንገድ የሚመዘግበውን ማብሪያ (ሎግ) ማጥፋት አትርሱ፤ ካሜራው ጠፍቶም ቢሆን ባትሪ ይበላል፤ ብዙ ሰው “ባትሪው ተበላሸ” የሚለው በዚህ ነው። ቲጂ-6 በአንድ ባትሪ 340 ያህል ፎቶ ያነሳል፣ በፓወር ባንክም ይሞላል። ሲሞላ በሩ ክፍት ስለሆነ ድንኳን ውስጥ ብቻ። ለማነጻጸር ካኖን 2000ዲ 500፣ ኒኮን ዲ3500 ደግሞ 1550 ያህል ያነሳሉ፤ ነገር ግን 2000ዲ በራሱ ቻርጀር ከግድግዳ ሶኬት እንጂ በፓወር ባንክ አይሞላም። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የጮቄ ብርድ ማታ ባትሪው ይደክማል፤ ኪስ ውስጥ፣ ሰውነት አጠገብ ይደር። ጠዋት “አለቀ” ያለው ባትሪ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ከብርዱ ወደ ሞቀ ጎጆ ስትገቡ ካሜራውን እውጭ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ግቡ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ እንጂ ካሜራው ላይ አይወርድም። አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ፍቱት። ይሄ ለዲኤስኤልአር ግዴታ ነው፣ ለታሸገውም አይከፋም። ስልካችሁ አይፒ68 (ውሃና አቧራ የመከላከል ደረጃ) የሚል ከሆነና ጂብራ የተባለውን የደጋ ተክል ከሩቅ፣ እርከኑን ከቅርብ ማንሳት ብቻ ከሆነ ሥራችሁ፣ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጉዞ በስልክ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንጅባራ ተማሪ ነኝ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ በወንድሜ ኒኮንና በ18-55 ሌንስ አነሳሁ፤ ፈረሶቹ ሁሉ ደበዘዙ፣ ሰማዩ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጥቦች አሉ። ሌላ ካሜራ ልጠይቀው?

መልስ፦ ካሜራውን ተወው፤ ምንም አልሆነም። የደበዘዘው ፍጥነቱ ስላነሰ ነው። ማዞሪያውን ኤስ (ፍጥነቱን አንተ የምትመርጥበት) ላይ አድርግና 1/1000 ስጠው፣ አይኤስኦውን አውቶ ተው፣ ፎከሱን ኤኤፍ-ሲ (የሚንቀሳቀሰውን የሚከተል) አድርግ፣ ፈረሱ ገና ሩቅ ሳለ ጀምረህ እየተከተልህ ጫን። 55 ሚሊ ሜትር አጭር ስለሆነ ፈረሶቹ ከሚዞሩበት ማዕዘን፣ ከገመዱ ውጭ ቁም። እዚያ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ጎፈሩም ይነሳል። ጥቁሮቹ ነጥቦች ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው። ሜዳው ላይ ሌንስ ቀይረሃል አይደል? ለማረጋገጥ ኤፍ 16 ላይ ባዶ ሰማይ አንሳ፤ ነጥቦቹ እዚያው ከሆኑ አቧራ ነው። በሜኑው የማጽጃ ትእዛዝ ሴንሰሩን የሚሸፍነውን መስታወት አስነሳና አፉን ወደ ታች ይዘህ በጎማ መንፊያ ንፋ። በአፍህ እንዳትነፋ፤ ምራቅ ከአቧራ የባሰ ይጣበቃል። የሚቀጥለው ጊዜ ሌንስ የምትቀይረው ለነፋሱ ጀርባህን ሰጥተህ፣ ካሜራውን ዘቅዝቀህ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ? (ከመራዊ)

መልስ፦ ካኖንና ኒኮን ፊታቸውን ውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት ወደሌላቸው (ሚረርለስ) ካሜራዎች ስላዞሩ ያገለገለ ዲኤስኤልአር አሁን በርከት ብሎ ይገኛል፤ ለገዢ ጥሩ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ይጠይቁ። ጀማሪ ኒኮኖች ለ100,000 ያህል ጊዜ የተሠሩ ናቸው፤ ቁጥሩ ፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ያነሱትን አንድ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ማየት ይበቃል። በካኖን ግን ፋይሉ ላይ አይጻፍም፣ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው የሚነበበው። ሻጩ “ብዙም አልሠራበትም” ካለዎት የቁልፎቹን ጽሑፍና የመያዣውን ጎማ ይዩ፤ ጎማው ከተላጠ ብዙ ሠርቷል። ክዳኑ እንደተዘጋ በ1/2 ሰከንድ አንስተው ስክሪኑ ላይ ያጉሉት፤ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ከበዛ ሴንሰሩ ደክሟል። በ1/4000 ብሩህ ግድግዳ ያንሱ፤ አንድ ጠርዙ ከጨለመ ሻተሩ እየዘገየ ነው። ሌንሱን ለደብረ ማርቆሱ ጠያቂ እንዳልነው በመብራት ይመርምሩት፤ ዙሙን ሲያዞሩ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚጎረብጥ ከሆነ ወድቋል። ባትሪው ጎኑ ካበጠ ይተዉት።

ውሃ የማይገባውን ዓይነት ግን ያገለገለ አይግዙ። ጎሚኒዋ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ካሜራው ስንቴ እንደወደቀ በዓይን አይታይም። ከገዙም ዋጋውን እንደ ተራ ትንሽ ካሜራ ቆጥረው ይሁን።

ጥያቄ፦ ዲኤስኤልአሬ ከታንኳ ላይ ጣና ውስጥ ወድቆ ወዲያው አወጣሁት። ጠፍቷል። ምን ላድርግ? (ከዘጌ)

መልስ፦ ይሠራ እንደሆነ ለማየት አያብሩት፤ ገዳዩ ውሃው ብቻውን ሳይሆን ውሃ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪውንና ሜሞሪውን ያውጡ፣ ሌንሱን ይፍቱ፣ በሮቹን ሁሉ ይክፈቱ፣ አፉን ወደ ታች አድርገው ያንጠፍጥፉ። አያወዛውዙት፤ ውሃው ወደ ባሰ ቦታ ይገባል። የጸጉር ማድረቂያም፣ የምድጃ ዳርም አይሆንም፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያቀልጣል። ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ያቆዩት፤ ማታ ማታ በታሸገ ሳጥን ከሲሊካ ጄል ጋር ይደር። በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ጠጋኝ ይሂዱ፤ የጣና ውሃ እንደ ባሕር ጨው ባይኖረውም ደለሉ ሲደርቅ ውስጡ ባለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ይቀራል፤ ተከፍቶ በአልኮል መታጠብ አለበት። ሜሞሪው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ካሜራው ውስጥ ሳይመልሱት በደንብ አድርቀው በካርድ ማንበቢያ ፎቶዎችዎን ይገልብጡ።